ወንድም ያጠበቀው ብሎን

ጋሽ ውሃ ልክ ወደ ዕቃ መሸጫው ጎራ ያሉት ሚስማር ሊገዙ ነበር፤ ይዘው የወጡት ግን ንዴት ነው። ጫማቸውን በደፉ ላይ መታ መታ አድርገው ቀና ሲሉ የሟች ወንድማቸውን ሚስት ባንኮኒው አጠገብ ቆማ አዩዋት። በእጇ ሦስት ዙር እንደ አምባር የተጠቀለለ ቀጭን ብረት ይዛለች። ብረቱ ዳር ዳሩን ጥርስ አለው።

እኚህ ሰው ስማቸው ሌላ ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ግንበኛ ሆነው ኖረው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳን የግድግዳን ቅንነት የሚለኩባት ትንሿ ውሃ ልክ ከኮታቸው ኪስ አልተለየችም። ደግሞም በክርክር መካከል «እኔ ያልኩት ቀጥ ያለ ነው» ማለት ይወዳሉ። ስለዚህ ሰፈሩ ስማቸውን ትቶ በመሣሪያቸው ይጠራቸዋል።

«ምንድን ነው የያዝሽው?» አሉ፣ ሰላምታውን ዘለው።

«እንደምን አረፈዱ ጋሼ?» አለች እሷ ሳትዘል። «የባንድሶው ስለት ነው።»

«የማን ባንድሶው?»

«የቤታችን ነዋ። ለጎረቤት ማሽን ስለት እገዛለሁ እንዴ?»

ባለሱቁ ሚስማሩን እየመዘነ ሳቁን በሳል ሸፈነው። የጋሽ ውሃ ልክ ደም ግን ፈላ።

ባንድሶው የሚሉት፣ አናጢ የነበረው ወንድማቸው ከቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ትቶት የሄደው የእንጨት መቁረጫ ማሽን ነው። አንዱ ከላይ አንዱ ከታች የሆኑ ሁለት ጎማ ለበስ መንኮራኩሮች አሉት፤ ጥርሳሙ ስለት በእነሱ ላይ እንደ ቀበቶ ይዞራል። እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ወደ ስለቱ ለሚገፋ ሰው ቀጥ ያለውንም የተጠማዘዘውንም ቅርጽ ይቆርጣል። አሁን የምትሠራበት የሟች ብቸኛ ልጅ ሚጣ ናት። ስሟ የሕፃን ይምሰል እንጂ ትምህርቷን ጨርሳ የአባቷን ሙያ የወረሰች ጎበዝ ናት፤ ሰሞኑንም ለአንድ መዋዕለ ሕፃናት ትናንሽ ወንበሮች ትሠራለች። ነገር ግን ጋሽ ውሃ ልክ ወንድማቸው በተቀበረ ማግስት ወደዚያች ክፍል ገብተው የደነገጉት ሕግ አለ። እሱ ያስቀመጠው ሁሉ እንደተቀመጠ ይኑር። ስለቱ አይለወጥ። በተለይ ከማሽኑ አናት ላይ ያለው፣ ስለቱን የሚወጥረው ብሎን ንክች እንዳይደረግ፤ በመጨረሻ ያጠበቀችው የወንድሜ እጅ ናትና።

«አፈሩ ሳይደርቅ!» አሉ፣ የሚስማሩን ከረጢት ተቀብለው።

«ደርቋል ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «ሄጄ አይቸዋለሁ።»

መንገዱን አብረው ያዙ። አንድ ሰፈር ናቸውና መለያየት አይቻልም፤ ቢቻልም ጋሽ ውሃ ልክ ክርክር ጀምረው የሚለያዩ ሰው አይደሉም።

«ልብሱን አወጣሽ፤ ዝም አልኩ።»

«ልብሱ ለሚለብሰው ደረሰ።»

«አልጋውን አዞርሽ፤ ዝም አልኩ።»

«ዝም ማለትዎን በየሳምንቱ ይነግሩኛል።»

«አሁን ደግሞ ስለቱ! ለመሆኑ አንቺ ሴት ልብ አለሽ?»

ስለቱን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ጋሽ ውሃ ልክ በሆዳቸው የያዙባት ነገር ይኸው ልበ ደረቅነቷ ነበር። በቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ይህች ሴት ለመጣው ሁሉ ወንበር ስታቀርብ ነበር የዋለችው። እንባዋን ያየ የለም። መምህርት ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምራ ለሌላው ታስተምራለች። ትምህርት ልብን ያደርቃል እንዴ ብለው ራሳቸውን የጠየቁበት ጊዜ ብዙ ነው።

«ልብ ስላለኝ ነው» አለች በመጨረሻ። «ማሽኑ ይጮኻል። ወጥ ቤት ሆኜ እሰማዋለሁ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ሲጀምር እንደ ጣት ጥፍር ነበር፤ አሁን እንደ መዶሻ ሆኗል።»

«ይበል እንጂ! እሱ የወንድሜ ድምፅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቼ በርጩማው ላይ የምቀመጠው ለምን ይመስልሻል? ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ እሱ ያለ ይመስለኛል።»

«ጋሼ፣ ባለቤቴ ጠቅ ጠቅ አይልም ነበር።»

«አትቀልጂ!»

«የምቀልድ ይመስላል?» አለችና ቆመች። እውነትም ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም።

«ስሚኝ እህቴ» አሉ ጋሽ ውሃ ልክ፣ ድምፃቸውን የሽምግልና አድርገው። «አሮጌ ማሽን እንደ አሮጌ ሰው ነው። ሲነሳም ሲቀመጥም ያቃስታል። ልጅቷም ለምዳዋለች፤ እኔም ለምጀዋለሁ። አንቺ ብቻ ነሽ ያልለመድሽው።»

«አሮጌ ሰው ሲያቃስት ‹ምንዎን አመመዎት?› ይባላል እንጂ፣ ‹እንዴት ያለ ዜማ ነው› ተብሎ በርጩማ ይዘው አይቀመጡበትም!»

መንገድ ላይ የሚያልፉ ሁለት ሰዎች ዘወር ብለው አዩዋቸው። ጋሽ ውሃ ልክ አፈሩና እርምጃቸውን ፈጠን አደረጉ።

«ለምደነዋል» የምትለዋ ቃል ስንት ቤት አፍርሳለች! ጣሪያው ያንጠባጥባል፤ ባልዲ ተቀምጦለት፣ ለምደነዋል። ሶኬቱ ይፈነጥቃል፤ በክርናችን ገፍተን ስለምናበራው፣ ለምደነዋል። ሰውየው ደረጃ ሲወጣ ደረቱን ያዝ ያደርጋል፤ ለምዶታል። የሚጎዳን ነገር ድንገት ቢመጣ እኮ እንሸሸው ነበር። ቀስ ብሎ ስለሚመጣ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ስለሚመጣ፣ ወንበር ስበን ከአጠገባችን እናስቀምጠዋለን። ኋላ ሲበላን ደግሞ «ዕድል ነው» እንላለን። ዕድል አይደለም። ሲነግረን አልሰማንም።

ከግቢው በር ሲደርሱ ሬዲዮ ከጓሮው ይጮኻል። ከሬዲዮው ሥር የማሽኑ ድምፅ፣ ከማሽኑ ድምፅ ውስጥ ደግሞ ያ ጠቅታ ይሰማል። ጋሽ ውሃ ልክ ሳያውቁት ፊታቸው ፈታ አለ። የጓሮዋ ክፍል ጠባብ ናት። ግድግዳው ላይ መጋዞችና መሮዎች በየልካቸው ተሰቅለዋል፤ ወለሉ ላይ ቢጫ ሰጋቱራ እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፤ በመስኮቱ ሥር ገና እግር ያልተተከለላቸው ትናንሽ የወንበር መቀመጫዎች ተደርድረዋል። ሚጣ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ወትፋ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ነክሳ፣ የአንዱን ወንበር መደገፊያ በክብ መስመር እየገፋች ትቆርጣለች። አውራ ጣቷ ለስለቱ ቅርብ ነው።

እናትየዋ በሩ ላይ ቆመች። እንደተናደደች ጋሽ ውሃ ልክ ያውቃሉ፤ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ይታያል። ግን አልጮኸችም። በመጋዝ ላይ ያለን ሰው ማስደንገጥ እጁን እንደ መቁረጥ ነው። ልጅቷ እንጨቱን እስከ መጨረሻው ገፍታ፣ ቁራጩን አንስታ፣ ማሽኑን እስክታጠፋ ድረስ እናትየዋ ቆይታ ገባችና ስፒናውን ከሶኬቱ ነቅላ ገመዱን በእጇ ያዘች። ሬዲዮውንም አጠፋችው።

«እማዬ? አንቺ እዚህ?» አለች ሚጣ፣ ጥጧን እያወጣች። እናቷ ያቺን ክፍል ከረገጠች ወዲህ ወራት አልፈው ነበርና መገረሟ ተገቢ ነው። «አጎቴ፣ ምን ሆናችሁ? የተጣላችሁ ትመስላላችሁ።»

«ተጣልተናል» አሉ ጋሽ ውሃ ልክ። «እናትሽ ያባትሽን ስለት ልትጥል መጥታለች።»

«ሬዲዮውን ለምንድን ነው የምታስጮኺው?» አለች እናቷ።

«ጠቅ ጠቁ ሲያሰለቸኝ ነዋ።»

«እና ጥጡ?»

«ሬዲዮው ሲያሰለቸኝ» አለች ሚጣ፤ ልትስቅ ብላ የእናቷን ፊት አይታ ተወችው።

«ያዩታል ጋሼ?» ብላ መምህርቷ ዞረች። «ጆሮ መከለል ደግ ነው፤ እኔም ባርኔጣ የሚያህል መከለያ እገዛላታለሁ። ግን መጀመሪያ የሰማውን አጣርቶ ነው ጆሮ የሚደፈነው። እዚህ ቤት ማሽኑ ይናገራል፤ አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ይመሰጣል፣ ሌላዋ ጥጥ ትወትፋለች። ምን ማለቱ ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም! የሞተ ሰው ብሎን ተከብሮ፣ የሕያው ልጅ ጣት ይቆረጥ ነው የሚሉኝ?»

«ማን ጣት ይቆረጥ አለ? አፌን አታስይዥኝ! የወንድሜ ልጅ እኮ ናት!»

«እንግዲያው ፈትሹት።»

«መጽሐፍሽ ማሽን አይጠግንም።»

«መጽሐፌን ይተዉት። የእርስዎ ጆሮ ምን አለ? እርስዎ አዲስ ቤት ሲያስረክቡ ግድግዳውን በጣትዎ እያንኳኩ አይደለም እንዴ የሚዞሩት?»

«እንዴታ! ልስኑ ግድግዳውን ካልያዘ ባዶ ባዶ ይላላ። እሱን እኮ ከሩቅ ነው የማውቀው።»

«ባዶ ሲልዎ ‹ለምጀዋለሁ› ብለው ያልፋሉ?»

«አፈርሰዋለሁ እንጂ!» አሉ ጋሽ ውሃ ልክ በኩራት፤ ብለውም ወዲያው አፋቸውን ያዙ።

«አጎቴ፣ ወጥመዷ ውስጥ ገቡላት» አለች ሚጣ።

«አንቺ ዝም በይ። ቀጥ ያለ ነገር ነው የተናገርኩት።»

መምህርቷ አልተሳለቀችባቸውም። ስፒናውን መልሳ ሰካች፤ ሁሉንም ከስለቱ ፊትም ከጎኑም አርቃ በር ላይ አቆመቻቸውና ሚጣ ባዶውን፣ ያለ እንጨት፣ እንድታስነሳው ነገረቻት። «አሁን ወንድምዎን አያዳምጡ። ማሽን ያዳምጡ። ስንት ዓይነት ድምፅ ነው የሚሰሙት?»

ማሽኑ ተነሳ። ጋሽ ውሃ ልክ ዓይናቸውን ሊጨፍኑ ብለው ተዉት። እስከ ዛሬ አንድ ድምፅ ይመስላቸው ነበር። አንድ አልነበረም። ከላይ ከስለቱ ኋላ ሲጥጥ የሚል አለ። ከታች፣ ከሽፋኑ ውስጥ፣ ዱብ ዱብ የሚል ድፍን ያለ ድምፅ አለ። ያ ጠቅታም አለ።

«ሦስት ነው» አሉ እየከፋቸው።

«አጥፊው ሚጣ። አሁን ደግሞ መንኮራኩሩ በራሱ እየዞረ እስኪቆም እንስማ።»

ሞተሩ ዝም አለ። መንኮራኩሮቹ ግን ገና ይዞራሉ፤ ሦስቱም ድምፆች አብረዋቸው እየዘገዩ ሄደው ቆሙ።

«ይህ ምን ይነግረናል?»

«ሞተሩ ጤነኛ ነው» አለች ሚጣ ቶሎ ብላ። «እሱ ቢሆን ኖሮ መብራቱ ሲጠፋ ድምፁም አብሮት ይጠፋ ነበር።»

«ይኼን የምታውቂ ልጅ ምን አድርገሽ ተቀመጥሽ?»

«አጎቴ አትንኪ አሉኛ!» አለች ሚጣ፤ እሷም እንግዲህ ትዕግሥቷ አለቀ። «የአባትሽ እጅ ያረፈበት ነው አሉኝ። እንዴት ብዬ ልንካ? ብነካው አባቴን የነካሁ ያህል እስኪመስለኝ ድረስ አስፈራሩኝ እኮ!»

ጋሽ ውሃ ልክ ዓይናቸውን ወደ ብሎኑ አነሱ።

ስፒናው እንደገና ተነቀለ፤ ሽፋኖቹ ተከፈቱ። የዱብ ዱቡ ምክንያት ወዲያው ተገኘ። ከታችኛው መንኮራኩር ጎማ ላይ ሰጋቱራው ከእንጨት ሙጫ ጋር ተጋግሮ እንደ ጉብታ ሆኗል፤ ስለቱ በዚያ ባለፈ ቁጥር ይነጥራል። ሚጣ በእንጨት ቁራጭ ፍቃ አነሳችው። ሲጥታውም እንዲሁ ተገኘ። ስለቱ እንጨት ሲገፋው ወደኋላ እንዳይሸሽ የሚደግፈው ትንሽ ኩሽኔታ ግራሶው ደርቆ አልዞር ብሏል፤ ስለቱም ሥራ ባይኖር እንኳን ይፋተገዋል። በስለቱና በኩሽኔታው መካከል የወረቀት ያህል ክፍተት ሊኖር ሲገባ አንድም የለም።

«ይኼ ሁለቱ እሺ፣ ቆሻሻና ድርቀት ነው» አሉ ጋሽ ውሃ ልክ፣ ሽንፈታቸውን በትንሽ በትንሹ ለመክፈል አስበው። «ጠቅታው ግን ከስለቱ ይሁን ከመንኮራኩሩ በምን ታውቂያለሽ? ዝም ብለሽ ስለት ገዝተሽ መጣሽ።»

መምህርቷ ከኪሷ ጠመኔ አወጣች። የክፍል ጠመኔ ነው፤ ጫፉ ያለቀ። ለእሷ ሳይሆን ለእሳቸው ዘረጋችላቸው።

«ግድግዳ ሲሰነጠቅ ምን ያደርጋሉ ጋሼ?»

«ስንጥቁ ላይ ጄሶ እለጥፋለሁ። ሰንብቼ አየዋለሁ። ጄሶው ደህና ከሆነ ስንጥቁ የድሮ ነው፤ ጄሶው ከተሰነጠቀ ግን ቤቱ እየሄደ ነው።»

«ይኸው ጄሶዎ። እኔ እጄን አላስገባም፣ ኋላ አጭበረበርሽ እንዳይሉኝ። ጓንት ያድርጉና የላይኛውን መንኮራኩር በእጅዎ ቀስ ብለው ያዙሩ። ጠቅ ሲል ያቁሙ። ስለቱ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ መንኮራኩሩም ላይ ያድርጉ። ስለቱ ከመንኮራኩሩ ዙሪያ ይረዝማል፤ ስለዚህ ሁለቱ ምልክቶች እኩል አይመለሱም። ጠቅታው ከየትኛው ምልክት ጋር እንደሚመጣ እርስዎ ይንገሩን።»

ጋሽ ውሃ ልክ መነጽራቸውን አደረጉ። መንኮራኩሩን እንደ ሕፃን ራስ በለሰለሰ እጅ ያዞሩት ጀመር። ጠቅ። ምልክት አደረጉ። አዞሩ። የመንኮራኩሩ ምልክት ወጣ፤ ዝም። አለፈ። የስለቱ ምልክት ከታች ብቅ ብሎ መጀመሪያ ጠቅ ካለበት ቦታ ደረሰ፤ ጠቅ። ደግመው አዞሩ። የመንኮራኩሩ ምልክት አለፈ፤ ዝም። የስለቱ መጣ፤ ጠቅ። ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። አንዴ ደግሞ አዞሩ፤ ተስፋቸው ጠቅታው እንዳይመጣ ነበር። መጣ።

«እ?» አለች መምህርቷ።

«ስለቱ ነው» አሉ። ከአፋቸው የወጣው በጉልበት ነው።

ስለቱ ሲወርድ ለዓይን ምንም የለበትም። ሚጣ ጠመኔ የተቀባውን ቦታ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ኋላ ለጠጥ አደረገችው። ከአንዱ ጥርስ ሥር አፍ ተከፈተ። ስንጥቁ የስለቱን ወርድ ከግማሽ በላይ አልፎ ሄዷል፤ የቀረው ቀጭን ነገር ብቻ ነው። መንኮራኩሩ ላይ በተጠማዘዘ ቁጥር አፉ ይከፈታል፣ ቀጥ ሲል ይዘጋል። ጠቅታው ያ አፍ ሲዘጋ የሚሰማ ነበር።

ሚጣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የወንበር መደገፊያ አየችው፤ ቀጥላ አውራ ጣቷን አየች። ስለቱ እንጨት መሐል ቢበጠስ ኖሮ ተፈናጥሮ ወዴት እንደሚሄድ፣ በሙሉ ጉልበት የሚገፋ እጅ ድንገት የሚገፋው ሲያጣ ወዴት እንደሚያርፍ፣ አናጢ ነችና አስረጂ አላስፈለጋትም። በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

ጋሽ ውሃ ልክ በዚያው በርጩማ ላይ ስንት ቅዳሜ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ይህንን ሲያዳምጡ እንደኖሩ አሰቡት። ቢሆንም ሰው የያዘውን ገመድ በአንድ ጊዜ አይለቅም።

«እሺ፣ ስለት ነው፤ ያረጃል» አሉ። «ይለወጥ። ብሎኑ ግን አይነካም። እሱ ካጠበቀው ልክ አለው። ወንድሜ ያለ ልክ አያጠብቅም።»

«ስለቱን ማን የሰነጠቀው ይመስልዎታል?» አለች መምህርቷ።

«ማነው?»

«ብሎኑ። ሌትም ቀንም ተወጥሮ፣ ለወራት፣ አንድ ቀን ሳያርፍ። ብረትም ይደክማል ጋሼ። ባለቤቴ ማታ ማታ ሥራ ሲያበቃ መጨረሻ የሚያደርገው ምን እንደነበር ያውቃሉ? ያንን ብሎን ያላላዋል። ስለቱ ይረፍ ይላል። ሁልጊዜ። ጠዋት ሲገባ ያጠብቀዋል፣ ማታ ሲወጣ ያላላዋል።»

«እና ጠብቆ አይደለም እንዴ ያገኘሁት? በእጄ ነክቼ አይቸዋለሁ!»

መምህርቷ ቀሚሷ ላይ ያለውን ሰጋቱራ አራገፈች። ምንም አልነበረበትም፤ ግን አራገፈችው።

«ያን ዕለት ማታ ራት ቀረበ ብዬ ጠራሁት» አለች። «‹መጣሁ› አለኝ። ተመልሶ ሊጨርስ አስቦ ነው መሰል፣ መብራቱንም አላጠፋ። እዚህ ደጃፍ ላይ…»

ያሰበችውን አልጨረሰችውም። በሩን አሳየቻቸው እንጂ። ጋሽ ውሃ ልክም ወንድማቸው የት እንደወደቀ ያውቃሉ፤ ያነሱት እሳቸው ናቸው።

«እርስዎ ፈቃዱን የጠበቁለት መስሎዎታል» አለች፣ ድምፅዋ ወደ ልኩ ተመልሶ። «የጠበቁለት ሳይጨርሰው የተነሳውን ሥራ ነው። እሱ የመጀመሪያዋን ጠቅታ ሲሰማ ማሽኑን ያቆም ነበር። ‹ነይ ጠመኔ አምጪ› ይለኛል፤ ምልክቱን የማደርገው እኔ ነበርኩ። እሱን ማክበር ከፈለጉ የነካውን ዕቃ አይጠብቁ፤ ያደርግ የነበረውን ያድርጉ። ያም ባይሆን እሷን ይጠብቁልኝ። የቀረችኝ እሷ ናት።»

ጋሽ ውሃ ልክ ኪሳቸው ውስጥ ያለችውን ውሃ ልክ ጨበጡ። ለወራት ልበ ደረቅ ያሏት ሴት ይህን ሁሉ ይዛ ወንበር ስታቀርብላቸው እንደነበረች ያን ጊዜ ገባቸው። በራሳቸው ተናደዱ፤ ያን ቀን ከተናደዱት ንዴት ሁሉ ልክ የነበረው ይኼኛው ነው።

«ስጭኝ» አሉ፣ አዲሱን ስለት እየተቀበሉ። «አሮጌ ማሽን ያቃስታል ያልኩት እኔ ነኝ። ያጣመምኩትን እኔ ላቃናው።»

አዲሱ ስለት ገባ። ኩሽኔታው ተጠርጎ ግራሶ ተቀባ፤ ክፍተቱም በወረቀት ተለክቶ ተስተካከለ። ሚጣ የተረፈውን ሁሉ በእጇ አዙራ ፈትሻ ማሽኑን አስነሳችው። ጠቅ የለ፣ ሲጥ የለ፣ ዱብ የለ። አንድ ወጥ የሆነ፣ የረጋ፣ እንደ ንብ ቀፎ ያለ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

ጋሽ ውሃ ልክ እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

«ይኼ ነው» አሉ። «እንዴ! የሱ ድምፅ ይኼ ነበር እኮ! እንዴት ረሳሁት?»

ለወንድማቸው ሚስት ሊነግሯት ዞሩ። እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ጓሮው ውስጥ ቆማ ነበር፤ ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ አልዞረችም። እሳቸውም አልጠሯት።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የተገኘውን ጥቅም ሁሉ ቢዘረዝሩት ብዙ ነው። ስለት ዕድሜው ረዘመ። የመቁረጫው መስመር ስለማይዋልል የሚባክን እንጨት ቀነሰ፤ ወንበሮቹም በቀጠሯቸው ደርሰው ሕፃናት ተቀመጡባቸው። ሚጣ በየሳምንቱ መጀመሪያ ሬዲዮም ጥጥም ሳይኖር ማሽኑን ባዶውን አስነስታ ታዳምጠዋለች፤ ከዚያ በኋላ ነው የጆሮ መከለያዋን አድርጋ ወደ ሥራ የምትገባው። ልማዱ ከክፍሉ አልፎ ወጥቷል። ጋሽ ውሃ ልክ ራሳቸው ክፉኛ ሰባኪ ሆነዋል፤ ሰው ቤት ገብተው የሚጮህ የበር ማጠፊያ ወይም የሚንኳኳ የውሃ ቧንቧ ከሰሙ፣ «ለምደነዋል» የሚላቸውን ባለቤት እንደ ሌባ ነው የሚያፋጥጡት። ከሁሉ በላይ ግን፣ ዳገት ሲወጡ ለዓመታት ይይዛቸው የነበረውንና «የሽማግሌ ነገር» እያሉ ያለፉትን የደረት ውጋት፣ የወንድማቸው ሚስት ሳትጎተጉታቸው፣ ሄደው ለሐኪም አሳዩ። በጊዜው መጡ ተባሉ። ይህን አንድ ቃል መስማት ከስንት ዕንባ ይበልጣል!

ስለቱ የተለወጠ ዕለት ግን ገና ሲመሽ፣ ሚጣ እጇን ልትታጠብ ወጥታ፣ ጋሽ ውሃ ልክ በክፍሉ ብቻቸውን ነበሩ። ሰጋቱራውን ጠርገው ጥግ አስይዘዋል። ከወጥ ቤት በኩል የመምህርቷ ድምፅ መጣ።

«ጋሼ! ራት ቀርቧል!»

አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ መልሰው ዘጉት። ወደ ማሽኑ ተመለሱ። እጃቸውን ወደ አናቱ ዘርግተው ብሎኑን ያዙት። ጠንካራ ነበር። ቀስ ብለው፣ ስለቱ ትንፋሹን የተፋ እስኪመስል ድረስ፣ አላሉት። ስፒናው መነቀሉን አዩ። መብራቱን አጠፉ። ደጃፉን በጥንቃቄ ተሻግረው በሩን ዘጉ።

«መጣሁ» አሉ ከዚያ በኋላ።